የሪሲቨሩ ፊተኛ ግማሽ

ሰኔ 4፣ ማክሰኞ

ይህ የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ ደብተሬ ነው። ትምህርቱን ስተው ከግማሽ በላይ ገጽ ተርፎት ነበር። ዛሬ ለሰው የማልነግረው ነገር ስላለኝ ከአልጋ ሥር አወጣሁት።

የባለሸክላዋ ሪሲቨር ተቃጠለ።

ባለሸክላዋ የምንላቸው ከመንገዱ ማዶ ያሉትን ልብስ ሰፊ ነው። ሸክላ ካልተጫወተ ስፌት አይሆንላቸውም። ሪሲቨራቸው፣ ሬዲዮና የድምፅ ማጉያ በአንድ ሣጥን የሆነው፣ ከእኔ ዕድሜ በሁለት እጥፍ ይበልጣል። ፊቱ ብርማ፣ ጎኑ እንጨት፣ ሲከፈት አረንጓዴ መብራት የሚያበራ ነው። አባቴ ዕቃ ጠጋኝ ነው፤ እዚሁ በምንኖርበት ሱቃችን ሁለት ሳምንት ሙሉ ቁልፎቹን ፈታ፣ አጠበ፣ የላላውን በየደ። ዛሬ ጠዋት «በይ ስፒከሮቹን እሰሪና እንስማው» አለኝ። የገመዱን ልጣጭ ገፍፌ ከኋላ እያሰርኩ ሳለ አንድ ደንበኛ ወደ ሱቁ ገብቶ «እናንተ! ሰው የለም እንዴ?» አለ። የማላውቀው ሰው ሲያናግረኝ ምላሴ ይተሳሰራል። ቶሎ ጨርሼ ወደ ጓዳ መግባት ፈለግሁ። ቶሎ ጨረስኩ።

ሙዚቃው ሲጀምር ጓዳ ሆኜ ሰማሁ። አባቴ ድምፁን ከፍ አደረገው። ከዚያ ጠቅ አለ። ከዚያ ዝም። ከዚያ ሽታው መጣ። የተቃጠለ ትራንዚስተር ሽታ ጉሮሮ ውስጥ ይቀራል።

ወንድሜ ለምሳ ሲመጣ ጢሱ ገና አልወጣም ነበር። «ደግሞ ምን ሆናችሁ?» አለ። አባቴ እጆቹን አየ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቀኙ ይንቀጠቀጣል። «እጄ ነው» አለ፤ «ካቻቪቴው አመለጠኝ መሰለኝ።»

ስፒከሮቹን የነቀልኩት እኔ ነኝ። የአንደኛው ገመድ ጫፍ ጠቁሯል። ከክሮቹ አንዷ የለችም፤ ሳልጠመዝዛት ወጥታ ጎረቤቷን ገመድ ነክታለች። ጫፉን በፒንሳ ቆርጬ ጣልኩት።

ሰኔ 5

አባቴ ቁርስ ላይ፦

«የስፒከሩን ገመድ ማን ነቀለው?»

«እኔ።»

«ጫፉን ቆረጥሽው?»

«ተበላሽቶ ነበር።»

«እሺ።»

ሌላ አልጠየቀኝም። ተመስገን።

ሰኔ 8፣ ቅዳሜ

አባቴን ምን እንደነካው አላውቅም። ያልተከፈተ ስንት ዕቃ ቁጭ ብሎ ሙሉ ቀን ገመድ ሲያስገፍፈኝ ዋለ። ቀይና ጥቁር፣ ሃያ ጥንድ። «ልጣጩን ግፈፊ፣ ክሮቹን ሰብስቢ፣ ጠምዝዢ። አንዲት ክር ከጓደኞቿ ከተለየች አልተሠራም።»

«አውቃለሁ እኮ አባባ።»

«ማወቁንማ ታውቂያለሽ።»

ሃያውንም ወደ መስኮቱ ወስዶ አንድ በአንድ አየ። የሚሸጡ አይደሉም፣ የሚታሰሩበትም የለም። ለምን እንዳስፈለጉት አልገባኝም። አውራ ጣቴ ላይ ቆዳዬ ተልጧል።

ሰኔ 13፣ ሐሙስ

ባለሸክላዋ መጡ። መርፌ ከነክሩ ደረታቸው ላይ ተሰክቶ ነው መንገድ የሚያቋርጡት።

«እንዴት ነው፣ ልጄ ዳነልኝ?» አሉ። ልጄ የሚሉት ሪሲቨሩን ነው።

አባቴ ነገራቸው። ትራንዚስተሮቹ እንደሞቱ፣ እንደዚያ ያለ አሁን እንደማይሠራ፣ እየፈለገ እንደሆነ። ጥፋቱ የእጁ እንደሆነም ነገራቸው። እኔ ወለሉን እየጠረግሁ ነበር። የተጠረገውን መልሼ ጠረግሁ።

«እጅ ነው፣ ምን ይደረግ» አሉ። «የእኔም ዓይን መርፌ ቀዳዳ ላይ ያሾፍብኛል።» ከዚያ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ። ሸማኔ ያበላሸውን ጨርቅ ደንበኛ በእሳቸው ላይ አሳብቦ ጠብ ላይ እንደነበሩ። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው!» ብለው ሳቁ። አባቴም ሳቀ። መጥረጊያው ከእጄ ወደቀ።

ሲወጡ ጭንቅላቴን ዳበስ አድርገው «ይቺ ልጅ ምላሷን ማን በላው?» አሉ።

ሰኔ 15

ልነግረው ነበር። ሻይ ይዤለት ገባሁ። ቀና ብሎ አየኝና ጠበቀኝ። «ስኳሩ አልቋል» አልኩት።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። አንዴ ከወጣ አይመለስም። ወንድሜ ደግሞ ሁልጊዜ የሚለው አለ፦ «እሷን ኤሌክትሪክ አታስነካት፣ ሴት ልጅ ናት፣ አንድ ቀን ትቃጠላለች።» እኔ መሆኔን ከሰማ ካቻቪቴ ሁለተኛ አልይዝም። ትምህርት የለኝ፣ ጓደኛ የለኝ። ያለኝ ያ ጠረጴዛ ነው።

ይኼ ሰበብ ይሁን እውነት አላውቅም።

ሰኔ 20፣ ሐሙስ

ምትክ ትራንዚስተር ጠፋ። አባቴ የሚያውቃቸውን ጠጋኞች ሁሉ ጠየቀ። አንዱ «እሱን ከሙዚየም ጠይቅ» አለው።

ከሰዓት ዝናብ ነበር፣ ሰው አልመጣም። አባቴ ሪሲቨሩን ገልብጦ ጠራኝ። ከኋላ በኩል እንደ ማጠፊያ የታጠፉ ሁለት ትንንሽ ብረቶች አሉ፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ቀዳዳ ያገናኛሉ። «ምን ይመስሉሻል?» አለኝ። ጌጥ መስለውኝ ነበር።

«ይኼ ሣጥን ሁለት ሠራተኛ ነው ያለው» አለ። «የፊተኛው ሰሚ ነው። ሸክላው የሚያወጣው ሹክሹክታ ነው፣ እሱን ይሰማል፣ ያጠራል፣ መጠኑን ይወስናል። የኋለኛው ጉልበተኛ ነው። የተሰጠውን ተሸክሞ ስፒከሩን ይገፋል። እነዚህ ብረቶች የሁለቱ መጨባበጫ ናቸው። የሞተው ጉልበተኛው ነው።»

«ሰሚውስ?»

«ሰሚው ምን ሆነ! ብረቶቹን አውጥተን ከፊተኛው ገመድ እንስባለን፣ ለሌላ ጉልበተኛ እንሰጠዋለን። ያኔ ሪሲቨር መሆኑ ይቀርና ፕሪአምፕ፣ ሰሚ ብቻ፣ ይሆናል።»

ባንኮው ሥር አቧራ የለበሰ ግራጫ አምፕሊፋየር አለ፣ ድሮ የስብሰባ አዳራሽ የነበረ። ትልቁ እንለዋለን። ጉልበት አለው፣ ግን የሸክላ መግቢያ የለውም። ሸክላ ብትሰኪበት ትንኝ ትሰሚያለሽ ይላል አባቴ። «ጉልበተኛ በየትም አለ። ሹክሹክታ የሚሰማ ነው የጠፋው።»

ብረቶቹን እኔ አወጣኋቸው። እሱ ሊይዛቸው ሲሞክር እጁ እምቢ አለው። በሌላኛው እጁ ቀኙን ያዘና እንደ ተኛ ድመት ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

ሁለቱ ብረቶች አሁን በልብሴ ኪስ ውስጥ ናቸው። ስሄድ ይቅጨለጨላሉ።

ሰኔ 24

የሞተውን ክፍል የኤሌክትሪክ መስመር አባቴ ቆረጠው፣ ኃይል እንዳይጎትት። ቆረጠው ማለቴ እሱ ጠቆመኝ፣ እኔ ቆረጥኩት። «እዚያ። ከእሱ ቀጥሎ። እሱን አይደለም።» አልተሳሳትኩም።

ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ከዚያ ለምን ደስ እንዳለኝ አስታወስኩና አፈርኩ።

ሐምሌ 1፣ ሰኞ

ወንድሜ ወረቀት ይዞ መጣ። መስታወቱ ላይ ለጠፈው። «የሚከራይ ክፍል።»

«አባባ፣ አትቆጣኝ» አለ። «ዛሬ ሪሲቨር ነው፣ ነገ ቤቱ ነው። በሥራ ቦታዬ ስልክ በጮኸ ቁጥር እሳት የተነሳ ይመስለኛል። እኔ ጋ ትመጣለህ። ሊፍት አለ፣ ሙቅ ውኃ አለ። እሷም ትመጣለች፣ መንታ ልጆቻችንን ታይልናለች። ምን አላት እዚህ?»

አባቴ «ዕቃው የሰው ነው፣ እሱን ልጨርስ» ብቻ አለ።

«እስከ ወር መጨረሻ።»

ወንድሜ ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። እናታችን ስታርፍ እኔንና አባባን አቅፎ ያለቀሰው እሱ ነው። የሚያምነው ነገር ግን ውሸት ነው፣ ውሸቱም የእኔ ነው።

ወረቀቱ ከውስጥ ሲታይ ተገልብጦ ነው የሚነበበው። ቀኑን ሙሉ አነበብኩት።

ሐምሌ 4፣ ሐሙስ

አዋረድኩት።

ወንድሜ ባለበት ሞከርነው። የሸክላ ማጫወቻ ወደ ሪሲቨሩ፣ ከሪሲቨሩ ወደ ትልቁ፣ ከትልቁ ወደ መሞከሪያ ስፒከር። ከሪሲቨሩ ኋላ ያሉት ቀዳዳዎች ጽሑፋቸው ተፍቋል። ብረቶቹ ከነበሩበት መሰካት ሲገባኝ ከጎኑ ሰካሁ። ያ የቴፕ መቅጃው መውጫ ነው፣ የድምፁን ቁልፍ አይታዘዝም። ቁልፉ ዜሮ ላይ ነበር። መርፌው ሸክላውን ሲነካ ቤቱ ተናወጠ። የስፒከሩ ወረቀት ተቀደደ። ከመንገድ ሰው ቆሞ አየን።

ወንድሜ በሁለት እጁ ጆሮውን ይዞ ነበር። ሲያወርዳቸው አባቴ ቀደመው፦ «እኔ ነኝ እዚያ ሰኪ ያልኳት።»

እንደዚያ አላለኝም። የላይኛውን ጥንድ ነበር ያለኝ። ረስቶት ይሆናል። ወንድሜ «ነገር እየዘነጋ ነው» ሲል ሰምቼዋለሁ፣ እውነቱን ይሆን? ይኼ ደግሞ አዲስ ጭንቀት ሆነብኝ።

ሐምሌ 5

ክፍሉን ሊያዩ ሦስት ሰው መጣ። አንዱ የእኔን ጠረጴዛ በእግሩ ገፋ አድርጎ «ይኼ ይወጣል አይደል?» አለ።

ሐምሌ 9

አባቴ ዛሬ አልሠራም። ተቀምጦ እጁን ያያል።

ንገሪው። ንገሪው። ንገሪው።

አልነገርኩትም።

ሐምሌ 14፣ እሑድ

ወንድሜ ቤት ዋልን። ሰባተኛ ፎቅ። መንታዎቹ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ያለቅሳሉ፣ በአንድ ጊዜ ይተኛሉ፣ ግን አንድ ቀን እንኳ በአንድ ጊዜ አይስቁም። የወንድሜ ሚስት ጥሩ ሰው ናት። እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ልብስ ይሰጣበት የነበረውን በረንዳ በመስታወት አስዘግተውታል። አልጋ ገብቷል፣ ፍራሹ ገና ከነፕላስቲኩ ነው። «ያንቺ ክፍል ይኼ ነው። ፀሐይ ታገኛለሽ» አለችኝ። አመሰገንኳት። ፍራሹ ላይ ስቀመጥ ፕላስቲኩ ጮኸ።

የውጭው በር መንታዎቹ እንዳይወጡ ከላይ መቆለፊያ አለው። እኔ ላይ አይደለም የተቆለፈው። ግን ሁለቴ ተነስቼ ነካሁት።

አባቴ ሶፋው ላይ ነበር። የልጅ ልጆቹ መጫወቻ መኪና ጎማው ወልቆ ሰጡት። ሊገጥም ሞከረ፣ እምቢ አለው። ወንድሜ ቀስ ብሎ ከእጁ ወሰደና «ተወው አባባ፣ አትልፋ» አለ። በደግነት ነው ያለው። አባቴም «እውነትህን ነው» አለ።

እኔ ብናገር ኖሮ ያንን ቃል አይሰማም ነበር።

ሐምሌ 20፣ ቅዳሜ

ተናገርኩ። እንዴት እንደሆነ በተራው ልጻፈው።

ወንድሜ ክፍሉን የሚከራየውን ሰው ይዞ መጣ፣ ሞባይል የሚሸጥ ነው። ሰውየው ግድግዳውን በሜትር ይለካል። ባለሸክላዋም አሉ፣ ስለ ሪሲቨሩ ሊጠይቁ መጥተው። አባቴ ጥግ ላይ በርጩማ ላይ ነው። ሰውየው «ለምንድን ነው ግን የምትለቁት? ቦታው ጥሩ ነው» አለ።

ወንድሜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን ሁላችንም እየሰማን፣ «አባቴ እጁ ከድቶታል። እንደ ሕፃን ነው የምንጠብቀው» አለ።

አባቴ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ነው ያናገረኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ሰውየው ሜትሩን እየጠቀለለ ነበር።

«እኔ ነኝ ያቃጠልኩት!» የማን ድምፅ እንደሆነ እኔም ደንግጬ ነበር። «ሪሲቨሩን እኔ ነኝ። ገመዱን አልጠመዘዝኩትም። ቀዳዳውንም የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ አባባ እዚያ ሰኪ አላለኝም። እጁ ምንም አላደረገም።»

 ወንድሜ አንዴ እኔን፣ አንዴ አባቴን አየ። ፊቱ ሲቀላ አየሁት። ከዚያ ያላሰብኩትን ተናገረ፦

«ታዲያ ይኼ ምን ይለውጣል? እስከ ዛሬ አንድ የምፈራለት ሰው ነበረኝ፣ አሁን ሁለት ሆናችሁ። ሁለታችሁም ዕቃ አትነኩም!»

እስከ ዛሬ የፈራሁት መናገሩን ነበር። ተናግሬም በሩ እንደተዘጋ ነው።

ባለሸክላዋ መቀሳቸውን ባንኮው ላይ አኖሩ። «ቆይ እንጂ አንተ ልጅ። ዕቃው የማነው?»

«የእርስዎ ነው እትዬ፣ ግን...»

«ግን የለም። በእኔ ዕቃ አንተን ማን አዛዥ አደረገህ? እኔ ስፌት ስለምድ የመጀመሪያዋን የሙሽራ ቀሚስ በካውያ አቃጥያለሁ፣ ልክ መቀመጫው ላይ! አሠሪዬ ምን ያደረገች ይመስልሃል? ያንኑ ቀሚስ አስፈትታ እኔኑ አሰፋችኝ። እያለቀስኩ። ያቃጠለችው ታብጀው። ከዚያ ወዲያ ወደ ፎቅህ ውሰዳት፣ ወደ ሰማይም ውሰዳት።»

ሞባይል ሻጩ ሳቁን ሊውጠው ሞከረ፣ አልቻለም። ወንድሜ አልሳቀም። «እስከ ወር መጨረሻ ነው ያልኩት» ብሎ ወጣ።

ሐምሌ 20፣ ማምሻውን

ሁሉም ሲሄዱ አባቴ የመነጽሩን ቤት ከፈተ። ከመነጽሩ ሥር ቁራጭ ናስትሮ አለ። ናስትሮው ላይ አንዲት የመዳብ ክር ተጣብቃለች፣ ጫፏ ጥቁር፣ ርዝመቷ ከጥፍሬ አትበልጥም።

«ሰኔ አራት ከሪሲቨሩ ኋላ ያወጣኋት ናት» አለ።

 ሃያውን ጥንድ ገመድ አሰብኩ። ሻዩን አሰብኩ። ቀና ብሎ ያየኝን።

«ለምን ዝም አልከኝ?»

«ብነግርሽ ያን ቀን ካቻቪቴውን ጥለሽ ጓዳ ትገቢ ነበር። ሁለተኛ አትወጪም። አውቅሻለሁ። ነገ ትነግረኛለች፣ ነገ ትነግረኛለች ስል ክረምቱ ተጋመሰ።»

ከዚያ የመነጽሩን ቤት ዘግቶ፦ «ሌላም አለ። እጄ መንቀጥቀጡ ውሸት አይደለም። አንቺ ከተውሽኝ በማን እጅ እሠራለሁ ብዬ ነው። ለራሴም ብዬ ነው።»

ለእኔ ብሎ ነው ወይስ ለራሱ? ሁለቱንም ነው ያለው። ከስድስት ሳምንት በላይ አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን እየተጠባበቅን ነበር። ተናድጃለሁ። በእሱም፣ በራሴም። አቅፌውማለሁ።

ሐምሌ 25

የሁሉንም ቀዳዳ ስም በትንንሽ ወረቀት ጽፌ ለጠፍኩ። ለራሴ ነው። ለሌላም ሰው ይሆናል።

ሐምሌ 28

በመጠኑ ሞከርነው። የመሬት ሽቦ ስላልነበረው እንደ ንብ ጮኸ፣ የሸክላ ማጫወቻውን ሽቦ ከሪሲቨሩ ብሎን ጋር ሳስረው ጸጥ አለ። ወንድሜ ሳይታወቅ በር ላይ ቆሞ ነበር።  ሲወጣ ሶኬቱን ጎንበስ ብሎ አየው።

ነሐሴ 1፣ ረቡዕ

ባለሸክላዋ ቤት ገጠምነው። ወንድሜ ትልቁን ተሸክሞ ደረጃ ወጣ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ። አባቴ እጆቹን ኪሱ ከቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። «እኔ እንግዳ ነኝ ዛሬ» አለ።

ክፍሉ ጨርቅ በጨርቅ ነው። ብጣቂዎቹን በእግሬ ገፋ አድርጌ ተንበረከክሁ። ገፈፍኩ፣ ሰበሰብኩ፣ ጠመዘዝኩ፣ በመስኮቱ ብርሃን አየሁ። ስምንት ጫፍ። ማንም አላስቸኮለኝም።

ሪሲቨሩን ከፈትኩ፣ አረንጓዴው መብራት በራ። ጥቂት ጠብቄ ትልቁን ከፈትኩ። ሸክላው ዞረ። አንድ የማላውቃት ሴት ዘፈነች፣ ስትተነፍስ እንኳ ይሰማል። ባለሸክላዋ መርፌ ወግቷቸው እንደሆነ እንጃ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ወዲያው ደግሞ ጎንበስ ብለው መስፋት ጀመሩ፣ እኛ የሌለን ይመስል።

ስንወጣ ግን «በሉ ልዝጋው» ብለው እጃቸው ወደ ሪሲቨሩ ሄደ።

«ትልቁን መጀመሪያ!» ብዬ ጮህኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ጉንጬ ነደደ፣ ግን ጀምሬዋለሁ። «ሲከፍቱ ትልቁ መጨረሻ፣ ሲዘጉ ትልቁ መጀመሪያ ነው እትዬ። ካልሆነ ፊተኛው ሲጠፋ የሚያሰማትን ጠቅታ ትልቁ እንደ ጥይት አድርጎ ያጮኻታል። ስፒከርዎን ይመታዋል።»

«ይድገሙልን የኔ እመቤት» አሉ ባለሸክላዋ።

ደገምኩ። ወንድሜ ከኋላዬ ቀስ ብሎ ለራሱ ሲለው ሰማሁት። «ሲዘጉ ትልቁ መጀመሪያ።»

ነሐሴ 4፣ ቅዳሜ

ክፍሉ ተከራየ። ፊተኛው ግማሽ፣ መስታወቱ ያለበት። ዛሬ አናጢ መጥቶ በኮምፔንሳቶ ከፈለው። ከኋላ እኔና አባቴ፣ ጠረጴዛው፣ አንድ ትንሽ መስኮት። እዚያው እናድራለን። ጠዋት ጠዋት ሰባተኛ ፎቅ ወጥቼ መንታዎቹን አያለሁ፣ ከሰዓት እመለሳለሁ። ወንድሜ «ለሙከራ ነው» ብሏል። በረንዳው ላይ ያለው ፍራሽ ፕላስቲኩ አልተነሳም፣ እንዳይነሳም አልለመንኩም። ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ሞባይል ሻጩ የስልክ ጥሪ ሲያስመርጥ ቀኑን ሙሉ ይሰማናል። ጠባብ ነው። አባቴ በርጩማውን ሲያዞር ጉልበታችን ይጋጫል።

የሒሳብ ደብተሩም አለቀ። ክሯን ከአባቴ ለምኜ ከዚህ ገጽ ግርጌ በራሷ ናስትሮ ለጥፌያታለሁ። ደብተሩን ለሚከፍት ሰው ቆሻሻ ትመስለዋለች። እባክህ አትንቀላት።